ጋሽ ማንኪያና አዲሱ ፕሬዚዳንት

«ወንድሜን የበላ ማንኪያ አንተንም ይብላህ? ንገረኛ! ሰውዬው በቴሌቪዥን ‹ለእኔ ሲባል ምግብ የሚቀምስ ሰው ከዛሬ ጀምሮ አይኖርም› አላለም? ነግሬሃለሁ፣ ነገ ፊት ለፊት ካልነገርከው ልጆቼን ይዤ እናቴ ቤት ነው የምገባው!»

ይሄ የጎረቤቴ የእትዬ ድምፅ ነው። በአፍንጫችሁ አንብቡት፣ ቁርጥ እሷን ነው።

ባሏ ቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ውስጥ የፕሬዚዳንቱን ምግብ ቀድሞ ይቀምሳል፤ ሰፈሩ ጋሽ ማንኪያ ይለዋል። ከሱ በፊት ቀማሹ የእትዬ ወንድም ነበር። በድሮው ፕሬዚዳንት ጊዜ ሾርባ ቀመሰና «ጨው አንሶታል» ብሎ ወደቀ። በቃ፣ አልተነሳም።

አዲሱ ሲመጣ መቅመስ ቀረ ብሎ አወጀ። እትዬ እልል አለች። የጠባቂዎቹ አለቃ ግን፣ ያ አንገቱ ከራሱ የሚሰፋው፣ ጋሽ ማንኪያን ጓዳ አስገብቶ፦ «እሱ ይናገር፣ እኛ እንጠብቀዋለን። ቅመስ! ደግሞ እንዳይሰማ።»

እና በድብቅ ይቀምሳል። ቀምሶ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ሆዱን ያዳምጣል። ሆዱ ጮህ ባለ ቁጥር ሟቹ «ጨው አንሶታል» የሚለው ይመስለዋል። እቤትም ልጆቹ እሱ እስኪውጥ ማንኪያ አያነሱም። ያስተማራቸው የለም።

ከጭቅጭቁ ማግስት ፕሬዚዳንቱ ራሱ ወጥ ቤት ገባ። ጋሽ ማንኪያ «ጌታዬ፣ አሁንም እየቀመስኩ ነው» አለው፣ አለቃው እዚያው ቆሞ። ፕሬዚዳንቱ አለቃው ላይ ጮኸበት፣ «ሁለተኛ እንዳይለመድህ!» ብሎ ልክ ልኩን ነገረው። ከዚያ ወንበር ስቦ፣ «ና ወንድሜ፣ አብረን እንብላ» አለ።

ሾርባ ቀረበ። ጋሽ ማንኪያ ጠበቀ። ፕሬዚዳንቱም ጠበቀ። «ብላ እንጂ፣ ዛሬ እንግዳዬ ነህ» አለው እየሳቀ።

«እና በላህ?» አልኩት፣ ደጁ ላይ ቁጭ ብለን።

«ዋጥኩ። ጉሮሮዬን ያይ ነበር። እስኪወርድ ዓይኑን አልነቀለም። ከዚያ ነው ማንኪያውን ያነሳው። መጠበቁን ራሱም ያወቀው አይመስለኝም።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ በግልጽ ነው። በየቀኑ እንግዳው ነኝ።»

«ለእትዬስ ምን አልካት?»

«ቀረ አልኳት።»

ከውስጥ እትዬ ምሳ ቀርቧል ብላ ተጣራች። በበሩ አየኋቸው፤ ልጆቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። እሷም ትጠብቃለች።

ጋሽ ማንኪያ ብድግ ብሎ እጄን ያዘኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እየጻፍሽ ነው እንዴ? ተይ፣ በቃ፣ አትጻፊ! እሷ ማንበብ ትችላለች።»