አደስ በአርባ ምንጭ ጓሮ

ባለቤቴ በመምህርነት ተመድቦ ወደ አርባ ምንጭ ስንመጣ፣ ከእናቴ ጓሮ አንዲት የአደስ ችግኝ ከነአፈሯ በፌስታል ይዤ ነበር። ግቢው መሀል ተከልኳት። የቆላው ፀሐይ በሳምንቱ አሳረራት። ደጋው ጨንቻ ተወልዳ ያደገችው ጎረቤቴ ከአጥር ማዶ አይታ፣ «እህቴ፣ አደስ እኮ የደጋ ነው። እዚህ ሙዝ ትከዪ» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ እኔ ግን እልህ ያዘኝ።

እናቴን ልጠይቅ ስሄድ ሌላ ችግኝ አመጣሁ። ይህቺን የተከልኳት ከቤቱ ጀርባ፣ በግድግዳውና በማንጎው ዛፍ መካከል፣ የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚደርስበት ጥግ ነው። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ እንዳያገኛት በሸንበቆ አጠርኩላት። ሥሯን በደረቀ የሙዝ ቅጠል ሸፈንኩ። አትክልት ያጠብኩበት ውሃ ሁሉ የእሷ ሆነ። ቀስ እያለች ያዘች።

ወገቤ ጋ ስትደርስ ባለቤቴ ሜትር ይዞ ጓሮ ገባ። እዚያች ጥግ ላይ ሰርቪስ ቤት ሊሠራ አስቧል።

«ለአንድ ቁጥቋጦ ብለን ቦታ እናባክን?»

«ቤትህን በሌላ በኩል ሥራ። ይቺ አትነሣም!» አልኩት።

ተኳረፍን። በኋላ ሜትሩን ይዞ ወደ ውጭ በሩ ዞረ፤ እኔም የዚያን ዕለት ዶሮ ሠራሁ።

ከዝናቡ በኋላ አበበች። ነጫጭ አበባዋን በስልኬ አንሥቼ ለእናቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ይሄ የማን ጓሮ ነው?»

«የልጅሽ!» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ግን እንባዬም መጥቶ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ያቺ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። «ልጄን ልድር ነው። ገበያ ያገኘሁት አደስ ደርቆ ሽታው ጠፍቷል። ከአንቺ ልቁረጥ?»

«ራሴ እቆርጥልሻለሁ» ብዬ ለጋ ለጋውን ቀንበጥ መረጥኩ። አብረን ወቅጠን ከቅቤው ጋር ለወስነው፤ የሙሽራዋንም ጸጉር እኔ ቀባሁ።

በሠርጉ ቀን ሙሽራዋ ስታልፍ ሴቶቹ ሽታው ስቧቸው ዘወር ዘወር አሉ። አንዷ፣ «ይሄን የመሰለ አደስ ከየት መጣ?» ስትል፣ ጎረቤቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ከየትም አልመጣም፤ እዚሁ የበቀለ ነው!» አለችና ክንዴን ይዛ ወደ መሀል ሳበችኝ። ባለቤቴ ደግሞ ከወንዶቹ ጋር ቆሞ፣ «ጓሯችን ነው ያለው» እያለ ያወራል።

ዛሬ ከከተማው ውጭ ካለችው ላንቴ ሳይቀር ችግኝ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ሥር ያወጡትን ቅርንጫፎች ከነአፈራቸው እሰጣለሁ፤ የት ጥግ እንደሚተክሉም እነግራቸዋለሁ። ስሰጥ ደረቴ ይነፋል፣ አልደብቅም።