ከካሜራው ጀርባ የተጠራችው ሳጋል

የሳጋልን በቀል የሚነቅፍ ካለ ከእኔ ጋር አይቀመጥ። እኔ ሄርሜላ፣ ጅጅጋ ውስጥ አብሬያት ፊልም የተማርኩ፣ በደሏን በዓይኔ ያየሁ ነኝ።

አባቷ አቶ ዐብዱልቃድር የከብት ነጋዴ ናቸው። «የመመረቂያ ፊልምሽን አያለሁ፤ ከረባ ትቀጥያለሽ፣ ካልረባ ሱቅ ገብተሽ ትሸጫለሽ» ብለዋታል። ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. አውበሬ ከተማ እየተመላለሰች የግመል ወተት ሻጯን እማማ ዐምራንን ቀረጸች። እኔ ማይክ ይዤ ተከተልኳት። የቡድናችን ሦስተኛ ባህሩ ግን አንድም ቀን አልመጣም፤ ፀሐይ ያመዋል። የእሱ ድርሻ ኤዲቲንግ ነበር።

ሲጨርስ «ዳይሬክተር፦ ባህሩ» ብሎ ጻፈበት። የእሷ ስም የትም የለም። ስትጠይቀው «ፊልም የሚሠራው ኤዲቲንግ ላይ ነው፤ አንቺ ያመጣሽው ጥሬ ዕቃ ነው» አላት። አስተማሪያችንም «እርስ በርሳችሁ ተስማሙ» ብሎ ሸኘን። ሳጋል አለቀሰች። እኔ ግን ተቃጠልኩ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ይባስ ብሎ የአማርኛውን ትርጉም ጻፊልኝ አላት። ጅጅጋ ተወልዶ አድጎ ሶማሊኛው ከሰላምታ አያልፍም፤ የአባቱ ሱቅ የሚገባው ሁሉ በአማርኛ ያናግረዋላ! ሳጋል እንባዋን ጠርጋ እሺ አለችው።

ፊልሙ መሃል እማማ ዐምራን እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ቋንቋውን ለማያውቅ ቃል ከቃል በማይለይ ጥድፊያ የሚናገሩበት ቦታ አለ። ባህሩ ፊታቸው ስላማረው አልቆረጠውም። ሳጋል ከሥሩ «ቤት ለእንግዳ፣ ግቡ» ብላ ጻፈች። ሶማሊኛ ከጎረቤት የለመድኩት እኔ ሳቄን ዋጥኩ።

ፊልሙ የታየ ዕለት፣ እዚያ ቦታ ላይ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባህሩ ፊልሙን የወደዱለት መስሎት ፈገግ አለ። ሲያልቅ መድረክ ላይ ወጣ። አቶ ዐብዱልቃድር ከፊት ወንበር ተነሡ።

«ልጄ፣ እኚያ እናት ካሜራ የያዘውን ነው የሚያናግሩት አይደል? ማንን ነው?»

«እኔን ነው፣ አባባ» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«እንግዲያው አንተ የእኔ ሴት ልጅ ነህ!» አሉት።

አዳራሹ አበደ። እማማ ዐምራን ያሉት «ሳጋል፣ የዐብዱልቃድር ልጅ፣ የፋራህ የልጅ ልጅ! ያንን ነገር ከፊቴ አንሺና ወተትሽን ጠጪ!» ነበር። ሶማሌ ሰውን ሲጠራ እስከ አያቱ ነው። ባህሩ ከዳይሬክተርነት የፋቀው ስም ከነአያቱ ፊልሙ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ሳጋል ሱቅ አልገባችም፤ አሁን ሁለተኛ ፊልሟን አፍደም ከተማ ሄዳ ትቀርጻለች። ባህሩ ይቅርታ እንድለምንለት ላከኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ «ራሱ መጥቶ በሶማሊኛ ይጠይቀኝ» አለች።

ትናንት ቤቴ መጣ፤ ሶማሊኛ አስተምሪኝ አለኝ። በሩን ዘጋሁበት።