የአንጎል ሞገድና የሸሕዲ ቅቤ

ከአዲስ አበባ መጥተን ጎንደር አደርንና በኅዳር ወር አንድ ማለዳ በላንድሮቨር ወደ ቆላው ወረድን፤ ሹፌሩ፣ ሐኪሙና እኔ። ኋላ የተጫነው የአንጎልን ሞገድ ወረቀት ላይ በብዕር የሚጽፍ መሣሪያ ነው። ባለሙያው እኔ ስለሆንኩ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር በሁለት እጄ እደግፈዋለሁ። የምንሄደው ሸሕዲ ለምታስተምር መምህርት ነው። መምህርት የሺ ሌሊት በእንቅልፏ ትንፈራገጣለች፣ ምላሷን ትነክሳለች። የታዘዘላት የእንቅልፍ ኪኒን ሌሊቱን ሳያሳርፋት ቀን ክፍል ውስጥ ያስተኛታል። ትምህርት ቤቱ በዚህ ወር ካልተሻላት ከማስተማር ሊያነሣት ነው። ሐኪሙ ሞገዷን አይቶ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራላት አስቀድሞ ሊናገር ቆርጧል።

ከአይከል ወዲያ ኮቴን አወለቅሁ፤ ነጋዴ ባሕር ከተማ ስንደርስ ሸሚዜም ከበደኝ። ኬላ ላይ አንድ ሚሊሻ የሽቦዎቹን ብዛት አይቶ ጠመንጃውን አስተካከለ።

«ጓድ፣ ይኼ የሬዲዮ መገናኛ አይደለም?»

«የአንጎል ነው» አልኩት። «በአንጎል ውስጥ ያለውን ይጽፋል።»

«እንግዲያ የኔን ብትጽፈው የውሃ ጥም ብቻ ነው የምታገኘው» ብሎ አሳለፈን።

ሸሕዲ

የሰሊጥ አጫጆች ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቁጭ ብለው ቀጣሪ ይጠብቃሉ። በጤና ጣቢያው በር ላይ ደግሞ መምህርት የሺ ቆማለች፤ ነጭ ለብሳ፣ አዲስ ሹሩባ ተሠርታ። በሙቀቱ የቀለጠው ቅቤ በግንባሯ ይወርዳል። ክው አልኩ! የመሣሪያው ሽቦ ቅቤ ባለበት ራስ ላይ አይጣበቅም።

«ምነው መምህርት፣ ዛሬን ይቀባሉ?»

«ከአዲስ አበባ ራስ የሚለካ መጣ ተብዬ በደረቅ ፀጉር ልምጣ? ሰው ምን ይለኛል?»

ጎረቤቶቿ እየተነጫነጩ ሹሩባውን ፈቱት፤ በሳሙና ደጋግመው አጠቧት። ፀጉሯ ሲደርቅ ሽቦዎቹ የሚጣበቁበትን ቅባት ጨምቄ አናቷን ስነካካ በሳቅ ፈረሰች።

«ወይ ቅቤዬ! የኔን አሳጥባችሁ የናንተን ትቀቡኛላችሁ?»

ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አጣበቅሁላት።

ያለፈውን ሌሊት እንዳትተኛ አስቀድማ ታዝዛ ስለነበር ጄኔሬተሩ እየጮኸም ቶሎ እንቅልፍ ወሰዳት። ብዕሮቹ ረጋ ብለው ሲጓዙ ቆይተው በድንገት ሹል ሹል መስመር መሳል ጀመሩ። ሐኪሙ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«በእንቅልፍ የሚመጣ የሚጥል በሽታ ነው። የእንቅልፍ ኪኒኑ ይቅር፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ትጀምር። ይሠራላታል» አለ፣ አጠገቧ የተቀመጠው ባለቤቷ እየሰማ።

ኮራሁበት። ፈራሁም፤ ባይሠራስ?

መልስ ጉዞ

መተማ ድንበር ድረስ ዘልቀን ሌሎች ሕመምተኞችን ስናይ ሁለት ሳምንት ቆየን። ስንመለስ ሸሕዲ ትምህርት ቤት ጎራ አልን። ድምፅዋን የሰማነው ገና ከግቢው ውጭ ሳለን ነው። ሹሩባዋ እንደገና ተሠርቷል፣ ቅቤም ጠግቧል።

«ከጀመርኩት ወዲህ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የተነሣብኝ» አለችን። «ቀን መተኛቴን ደግሞ እነዚህን ጠይቋቸው።»

ተማሪዎቹ «አትተኛም!» ብለው ጮኹ።

ሐኪሙ ሞገዷን ዳግመኛ ለማየት ጓጉቶ «እንለካዎት እንዴ?» አላት።

«ሹሩባዬን የሚነካ ወዮለት!»

ሐኪሙ ፊቱን አዙሮ መነጽሩን ጠረገ። እኔም እንባዬ መጣ፤ በሙያዬ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አዲስ አበባ ገብቼ የመሣሪያውን ሣጥን ስከፍት ሽቦዎቹን ራስ ላይ የሚይዘው ማሰሪያ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ስሰጥ መጀመሪያ የምናገረው ስለ ፀጉር ነው፤ ሰው ለክብሩ የተቀባውን ሳላውቅ አንጎሉ ጋ እንደማልደርስ ተምሬያለሁ። የዚያን ዕለት ግን አለቃዬ አፍንጫውን ይዞ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ሲለኝ ደረቴን ነፋሁ።

«መምህርት የሺ ናት» አልኩት። «ተሽሏታል።»