የቅበላ ዕለት የተከፈለ ጥብስ

ፋሲካ አልፎ ጥብሴን እየበላሁ ስለሆነ እንደ ቀልድ አወራዋለሁ እንጂ፣ ያን ቀን ችሎት ፊት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ፊት ለፊት ያለ ምግብ ቤት በቅበላ ዕለት «የወሩን አሁን ይክፈሉ፣ በየቀኑ ጥብስ በግማሽ ዋጋ ይብሉ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ሆዴ በሥጋ ጢም ብሎ ሳላመነታ ከፈልኩ። በማግስቱ ሁዳዴ ገባ! ወሩ ጾም ላይ ሊያልቅብኝ ነው። «ከፋሲካ በኋላ አድርግልኝ» ስለው ባለቤቱ፣ «ጥብሱማ በየቀኑ አለ፤ የቀረኸው አንተ ነህ» አለኝ።

ተናድጄ የሸማቾች ችሎት ከሰስኩት። ጾመኛ መሆኔን እንዲመሰክሩልኝም የንስሐ አባቴን ይዤ ሄድኩ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስትከፍል በማግስቱ ጾም እንደሚገባ አታውቅም ነበር?» አሉኝ።

አውቅ ነበር ብል ክሴ ውድቅ ነው። ረስቼው ነው እንዳልል፣ ሁዳዴን የረሳ ክርስቲያን ተብዬ በአባ ፊት እንዴት ልቁም? ላብ አጠመቀኝ። አባን ሰረቅ አድርጌ ሳያቸው መስቀላቸውን እያገላበጡ አቀርቅረዋል። በቃ፣ አለቀልኝ፣ የዘንድሮው ቀኖናዬ አያድርስ ነው ስል፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ልጄን አያስጨንቁብኝ። ሰው ነውና ይረሳል።» መስቀላቸውን ኪሳቸው ከተቱና፣ «እኔም ያን ዕለት እዚያው ቤት የወር ጥብስ ከፍያለሁ» አሉ።