ኦዳው ላይ የተሰቀለው ቀፎ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ለአዲሱ ጎጆዋ ያሰፋችውን የአልጋ ልብስ ላሳይዎት ብላ ጠራችኝ። ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተጋጠመ ነው። መሃሉ ላይ ኦዳ ዛፍ አለ፤ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ዙሪያውን ይዞታል። «ያምራል አይደል፣ እትዬ?» አለችኝ። ያምራል አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ግን አንድ የቆየ ስሜት ተመለሰብኝ። ቅናት መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ብዙ ዘመን አብረን ኖረናል።

ቅናቱ ሲጀምረኝ ክልላችን ከተመሠረተ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ መቱ ውስጥ እትዬ አስካለ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያ እማር ነበር። አብራኝ የምትማረው ሌንሳ የዳሪሙ ገበሬ ልጅ ናት፤ አክስቷ ቤት ተቀምጣለች። አንድ ክረምት ለክልሉ በዓል ትልቅ የግድግዳ ጨርቅ ሊሠራ ሆነ። ጎሬም፣ ቡሬም፣ መቱም አንዳንድ ቁራጭ ሰፍተው ይልካሉ፤ ሁሉም ተጋጥሞ አዳማ ይሰቀላል። ቁራጯ የተመረጠላት ልጅም አብራ ትሄዳለች። እኔ ያኔ ከበደሌ ወዲያ አላውቅም። ገና ሳልመረጥ ሻንጣ ተውሼ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩ።

ሥራዬ ምንም የጎደለው አልነበረም። መሃል ላይ ኦዳ፣ በአንድ ወገን የቡና ቅርንጫፍ፣ በሌላው የሶር ፏፏቴ። ጎሬዎች የራሳቸውን እንደሚልኩ እያወቅሁ የጎሬን ኮረብታ ሳይቀር ጨመርኩበት። ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። ሌንሳ ግን አንድ ዛፍ ብቻ ሠራች፤ ቅርንጫፉ ላይ ከቡናማ ሱሪ እራፊ የተቆረጠ የንብ ቀፎ ሰቀለችበት። ጠርዙማ ይንሻፈፋል።

ቀፎውን ሳይ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ኦዳ የሸንጎ ዛፍ ነው፤ ሰው ከሥሩ ተቀምጦ ይመክራል፣ ይታረቃል። ንብ ያለበት ዛፍ ሥር ማን ይቀመጣል?

«ሌንሳ፣ ንቡ ሽማግሌዎቹን ቢነድፋቸውስ?» አልኳት።

«እኛ ጋ ቀፎ የሌለበት ትልቅ ዛፍ የት አለ?» አለች፣ የተጠበሰ በቆሎዋን እየፈለፈለች። ነገሩ ግድ የሰጣት አትመስልም ነበር፤ ይሄም ያበሽቀኛል።

የምርጫው ዕለት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ለመምረጥ የተጠሩት ኦቦ ቶለራ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። የእኔን አይተው «ተጠንቅቀሽ ነው የሰፋሽው» አሉና አለፉ። የሌንሳ ሥራ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

«ያ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ኦዳ ሥር ለሸንጎ ስንቀመጥ ይሄን ንብ ምን እናድርገው?»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በሐሳቤ አዳማ ደርሼ ተመለስኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ!

ሌንሳ አንገቷን ደፋ አድርጋ መለሰች። «አባቴ ቀፎ ሥር ድምፅ ከፍ አይደረግም ይላል። ሸንጎም ላይ እንደዚያው አይደል፣ ኦቦ?»

ሽማግሌው ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ባይኤ ባሬዳ! በጣም ያምራል! የእኛ አገር ኦዳ ይሄ ነው» አሉና የእሷን አነሱ። እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብኩ፤ መዳፌ ሲቃጠል ይታወሰኛል።

በማግስቱ ሌንሳ ጨርቋን ይዛ መጣች። «ጠርዙን አንቺ ስፊልኝ፤ እንዳንቺ ቀጥ አድርጎ የሚሰፋ የለም።» ሰፋሁላት። ቅናት እጅ ያሳምራል መሰለኝ፣ እንደዚያ አሳምሬ ሰፍቼ አላውቅም፤ አዳማ ሲሰቀል ሰው ከዛፉ ይልቅ ጠርዙን እንዲያይ ነበር ምኞቴ። የተዋስኩትን ሻንጣም እሷው ይዛው ሄደች፤ የራሷ አልነበራትም። ስትመለስ፣ «ጠርዙን ማን ሰፋው እያሉ ጠየቁኝ፤ ስምሽን ነገርኳቸው» አለችኝ። ዋሽታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሌንሳ ግን አትዋሽም።

አሁን እሷ ጎሬ ሱቅ አላት፤ እኔ እዚሁ መቱ ነኝ። አልፎ አልፎ የማላውቃቸው ሰዎች ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ። «ሌንሳ ናት የላከችን፤ ልቅም ያለ ስፌት ከፈለጋችሁ መቱ ሂዱ አለችን» ይላሉ። ተቀብዬ፣ ሻይ ጋብዤ እሸኛቸዋለሁ። ከዚያ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን እበግናለሁ። የአዳማው ነገር ከወጣልኝ ቆየ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ እሷም በእኔ ብትቀና ኖሮ እኩል እንሆን ነበር።