የአጎቴ ጣሪያ

ዘንገና ሐይቅን ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች መዳፍ ላይ የሚቀመጡ የቀርከሃ ቤቶች እየሠራሁ እሸጣለሁ። ከሁሉም የሚወደድልኝ የአጎቴ ቤት ነበር፤ አጥሩን፣ በረቱን፣ የተጣመመውን በር ሳይቀር አስመስዬ ሠርቼዋለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት አጎቴ በምሸጥበት በኩል ሲያልፉ አንዱን አነሱ። ቤታቸውን ወዲያው አወቁት። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ፈገግ ብዬ ጠበቅሁ። ጣሪያውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ሣር ነው። እንግዳ ቆርቆሮ አይወድም፣ ፎቶ ላይ አያምርም ይላል፤ እኔም ሁሌ ሣር አለብሰዋለሁ። እሳቸው ግን የእውነተኛውን ቤታቸውን ቆርቆሮ የገዙት ለዓመታት ከሰል እያከሰሉ ነው።

«ቆርቆሮዬስ?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

 ያን ዕለት ጠዋት አንዲት እንግዳ የሣር ጣሪያውን እያየች «እስካሁን እንዲህ ነው የምትኖሩት?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ አዎ ለማለት አላመነታሁም ነበር።