ሦስተኛው ሰሌዳ

ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ የመለኪያ ክፍሏን ልትከፍት በኮሪደሩ ስታልፍ ጋሼ ምድጃ ዕቃቸውን በካርቶን ሲከቱ አየቻቸው። ጉጠቶቹን አንድ በአንድ በአሮጌ ጋዜጣ ይጠቀልላሉ። ከአንዲት ምድጃ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን ከሠራተኛ መዝገብ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል።

«ጋሼ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ልሸክፍ እንጂ ልጄ። ከሁለቱ ምድጃ አንዱ ይዘጋል ተባለ፤ የኔ ነው የሚዘጋው። ስድስት ሰዓት ላይ ወረቀቱን ፈርመሽ ታስገቢ የለ?»

«ገና እኮ አልፈረምኩም።»

«አንቺ የኔ ነው የከፋው ካልሽ አለቀ። አንቺ ሳትለኪ አታወሪም።»

ይህን ያሉት ቅር ሳይላቸው ነው፤ እንዲያውም ፈገግ ብለው። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ክፍሏን ከፍታ ገባችና ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሳትለካ ነበር ያወራችው።

ይቺ ሴት አርባ አምስት ዓመቷ ነው። በመሥሪያ ቤቱ «እትዬ ቆይ» ይሏታል። ውጤት ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ፣ ተማሪ ይሁን አለቃ፣ «ቆይ!» ብላ ደጅ ላይ ስለምታስቀር ነው። ኮምጠጥ ያለች ናት፤ ሲያስነጥሱባት እንኳ ማሽኑን ነካችሁብኝ ብላ ትቆጣለች። ሥራ የጀመረችው የላቦራቶሪ ብርጭቆ በማጠብ ነው፤ እናቷ በሞተችበት ዓመት። ያኔ እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ ታናሽ ወንድሟ ማሙሽ ስድስት ዓመቱ ነበር። ቀን ብርጭቆ፣ ማታ የማሙሽን ሸሚዝ ስታጥብ እጇ ከውሃ የወጣበትን ቀን አታስታውስም። ከዚያ ከመታጠቢያው ሥር አንስተው ጉጠት ያስያዟት ጋሼ ምድጃ ናቸው። የማታ ትምህርቷን ጨርሳ መለኪያውን ከተረከበች ይኸው ሃያ ዓመት ሆናት።

ሥራዋን ለጎረቤት ለማስረዳት ብዙ ደክማ ትታዋለች። ማይክሮዌቭ ስትል ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ምግብ ማሞቂያው ነው፤ «ታዲያ የኔ ሲበላሽ ትሠሪልኛለሽ?» ይሏታል። እሷ የምትለካው ያ ማዕበል አንድ ነገር ውስጥ ሲገባ ምን ያህሉ ባክኖ እንደሚቀር ነው። አንዳንድ ቀን ሸክላ መሰል ነገር ይመጣላታል፤ ዳይኤሌክትሪክ የሚሉት፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሱፐርኮንዳክተር ነው፤ እጅግ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም መጓተት የሚያሳልፍ ጥቁር ስስ ሽፋን፣ በትንሽ ሰሌዳ ላይ የተጋገረ። ያም ቢሆን ለማይክሮዌቭ ሲሆን ትንሽ ያባክናል። እንጀራዋ ያችን ትንሽ ማደን ነው።

ችግሩ ሰሌዳውን ብቻውን መለካት አለመቻሉ ነው። ጣት የምታህል የሰንፔር ድንጋይ ታቆምና አንዱን ሰሌዳ ከሥር፣ ሌላውን ከላይ ታደርጋለች፤ በመዳብ ሣጥን ዘግታ በፈሳሽ ናይትሮጅን ታቀዘቅዘዋለች። ያኔ ስክሪኑ ላይ አንድ ሹል ጫፍ ብቅ ይላል። ጫፉ ሲቀጥን ብክነቱ ትንሽ ነው፣ ሲሰፋ ብዙ። የሚወጣው ቁጥር ግን የሁለቱ ሰሌዳዎች ድምር ነው። መጥፎው ከጥሩው ኋላ ተሸሽጎ ሊያልፍ ይችላል።

ሰሌዳ የሚጋገረው በሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው የጋሼ ምድጃ፣ ሁለተኛው የማሙሽ። አዎ፣ ያ ማሙሽ። ዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጢሙን አሳድጓል፣ እሷ አፏን ሞልታ ተናግራለት ዓምና ተቀጥሮ አዲሱን ምድጃ ይዟል። ቋሚ ሊሆን አሥር ቀን ቀርቶታል። በየሳምንቱ ከየክፍሉ አንድ አንድ ሰሌዳ ይመጣላታል፤ ሁለቱን አጣምራ ትለካለች፣ ጊዜ ይተርፋታል። ድምሩ ሁልጊዜ አሥር ነበር። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ወደ አሥራ ስምንት ወጣ፤ ደንበኞቹም ሰሌዳዎቹን መለሱ።

ሐሙስ ዕለት ኃላፊው ኮሪደር ላይ አቁሟት «የማንኛው ነው የተበላሸው?» አላት። «የአሮጌው ይሆናላ፣ ሌላ የማን ሊሆን ነው?» ብላው አለፈች። አፏ ቀደማት። በሃያ ዓመት አንድ ቀን «ቆይ» ማለት የረሳችው ያኔ ነው፤ ለምን እንደረሳችው ደግሞ ልቧ ያውቃል። አርብ ወሬው ሕንፃውን አዳረሰው፣ ሰኞ ሽማግሌው ይሸክፋሉ።

ተነሣች። ጥፋተኛውን ለመለየት ሦስተኛ ሰሌዳ ያስፈልጋል። ከደረቅ አየር ሣጥኑ ውስጥ ከዓመታት በፊት ተጋግሮ የተቀመጠ አንድ አለ። እሱን በየተራ ከሁለቱም ጋር ብታጣምር፣ ካለው አሥራ ስምንት ጋር ሦስት ድምር ይኖራታል፤ ከሦስት ድምር ሦስቱን መነጠል ማንም ተማሪ የሚሠራው ሒሳብ ነው። የናይትሮጅኑን ጋን ከፍታ በእንጨት ለካችው፤ ሁለቴ ለማቀዝቀዝ ብቻ ይበቃል። አዲስ የሚመጣው ረቡዕ ነው። ስህተት ቢፈጠር መድገሚያ የለም።

መጀመሪያ ሦስተኛውን ከጋሼ ምድጃ ሰሌዳ ጋር አጣመረች። ሰንፔሩን ስታቆም ትንፋሿን ያዘች። ናይትሮጅኑን ስታፈስ ጭሱ ጠረጴዛውን አልብሶ ወለሉ ላይ ወረደ። አርባ ደቂቃ። የጋሼ ሰሌዳ ከሆነ የከፋው፣ ቁጥሩ አሥራ ስምንት አካባቢ መውጣት አለበት። በሆዷ እንዲወጣ ለመነች፤ ለራሷ ግን ይህን አላመነችም።

ጫፉ እንደ መርፌ ቀጥኖ ወጣ። አሥር።

ገመዱን ነካክታ አየችው፣ ብሎኑን አጠበቀችው፣ እንደገና ለካች። አሥር። ወሽመጧ ቁርጥ አለ። የሽማግሌው ሰሌዳ ምንም አልሆነም።

አሁን ሣጥኑ ቀስ ብሎ እስኪሞቅ መጠበቅ አለባት፤ ቀዝቃዛ እያለ ከተከፈተ የአየሩ እርጥበት ሰንፔሩ ላይ ይሰፍርና ነገር ዓለሙ ይበላሻል። ሰዓቱ አራት ሰዓት ከሩብ። እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ እየተቁነጠነጠች ሳለ በሩ ተንኳኳና ማሙሽ ብቅ አለ።

«እታለም፣ ምሳ አብረን...» አለና ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሦስት ማስቀመጫዎች ላይ ተተከለ። «ሦስተኛው የምንድን ነው?»

«የድሮ ነው። እየለየሁ ነው።»

«ምኑን ነው የምትለዪው? አሮጌው ነው ብለሽ የለ?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? ፈርመሽ አትገላገይም?» ሣቅ ለማለት ሞከረ፣ ከንፈሩ ግን አልታዘዘውም። «ናይትሮጅኑን ለምን ትጨርሺዋለሽ? ሌላ ሰው ቢፈልገውስ?»

ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ የምታውቀው ፊት ነው። የሰበረውን ኩባያ ከአልጋ ሥር ደብቆ «እኔ አላየሁም» ሲላት የነበረው ፊት። መዳቡን በእጇ ዳሰሰችው፤ ሞቋል። ሣጥኑን ከፍታ የጋሼን ሰሌዳ አወጣች፣ የእሱን አስገባች፣ ዘጋች። የቀረውን ናይትሮጅን እስከ ጠብታው አፈሰሰችው። እሱም አልሄደም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

አርባ ደቂቃ። የማሽኑ ማራገቢያ ብቻ ይጮሃል። አንድ ጊዜ ብቻ «ቢሳሳትስ?» አላት። «አይሳሳትም» አለችው።

ጫፉ ወጣ። ሰፊ፣ ትከሻው የወደቀ። አሥራ ስምንት።

ሒሳቡን በእርሳስ ሠራችው፤ ሁለቴ ጻፈችው። ሦስተኛው ሰሌዳ አምስት፣ የጋሼ ምድጃ አምስት፣ የማሙሽ አሥራ ሦስት።

«ታውቅ ነበር?» አለችው ፊቷን ሳታዞር።

ከግድግዳው ተላቀቀ። «የሙቀት መለኪያው ከቦታው ተንሸራቷል። ምድጃው እሱ ከሚለው በላይ ይሞቃል። ለማስተካከል ሁለት ሳምንት ማቆም ነበረብኝ። ሁለት ሳምንት ያለ ሥራ ከቆምኩ ቋሚ ያደርጉኛል? አያደርጉኝም። ከጋሼ ጋር አጣምረሽ እስከለካሽ ድረስ ደግሞ... ማን ይለየዋል ብዬ ነው።»

«እሳቸው ዕቃቸውን እየሸከፉ ነው።»

«አይቻቸዋለሁ።»

«አይተህ?»

«እታለም፣ ሐሙስ እኮ አሮጌው ነው ያልሽው አንቺ ነሽ! እኔ አላልኩም!»

ይህች ቃል አናቷን እንደ ዱላ መታቻት። ልትጮህበት አፏን ከፈተች፤ የምትጮኸው ግን እውነት አልነበረም፤ እውነቱ እሱ ያለው ነው። ለወንድሟ ብላ ሽማግሌውን በአንድ ቃል ሸጠቻቸው፤ እሱ ዝም ባለበት እሷ አወራች። እንባዋ አልመጣም፣ ጊዜም አልነበረም።

ቅጹን አወጣች። ሦስቱን ቁጥር ጻፈች፣ ፈረመች። ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋችለት።

«ውሰደው። አንተ ስጠው።»

«እኔ?»

«እኔ ካደረስኩት ተያዘ ነው የሚሉህ። ሂድ ማሙሽዬ።»

ወረቀቱን ይዞ ወጣ። አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። ጆሮዋን አቆመች። የኃላፊው ቢሮ ወደ ቀኝ ነው፣ ደረጃው ወደ ግራ። እግሩ በሩ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ደረጃው። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሆነ። ልትከተለው ተነሣች፣ ተቀመጠች። አሥር ጉዳይ። አምስት ደቂቃ ሲቀር ሌላ ቅጽ አውጥታ ቁጥሮቹን ትገለብጥ ጀመር፤ ለወንድሟ ብላ ሽማግሌውን ሁለተኛ አትሸጥም። ያኔ ስልኩ ጮኸ።

«ወረቀቱ ደርሶኛል» አለ ኃላፊው። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። «ወንድምሽ እዚህ ነው። ግን ከቁጥሩ በታች በእጅ የተጻፈው ነገር ምንድን ነው? ያንቺ ጽሕፈት አይደለም።»

«ምን ይላል?»

«"የሙቀት መለኪያው መንሸራተቱን ከአምስት ሳምንት በፊት አውቄ ዝም ብያለሁ" ይላል። ፈርሞበታል።»

ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጻፈው ማለት ነው። አሁን እንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም።

«ትሰሚኛለሽ?» አለ ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቁጥሩ ለኔ ይበቃኛል። አሮጌው ምድጃ አይዘጋም፣ አዲሱ ቆሞ ይጠገናል። ከታች ያለውን ግን ከፋይሉ ጋር ካያያዝኩት ውሉ ዛሬውኑ ይቋረጣል። ልጁ ራሱ ወረቀቱን አትቁረጠው ይለኛል። አንቺ ካልሽ ቆርጬ እጥለዋለሁ፣ ማንም አያውቅ።»

ሃያ ስድስት ዓመት ያሳደገችው ልጅ ነው። አዎ ብትል ማታ ሥራውን እንደያዘ ቤቱ ይገባል። ቃሏ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«መጣሁ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ቢሮው ስትደርስ ማሙሽ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ግን ቀና ብሎ ነው የቆመው። ኃላፊው መቀሱን ከወረቀቱ ጎን አስቀምጧል። መቀሱን ወደ ጎን ገፋችው።

«ከሥሩ ቦታ አለ?» አለች።

«ለምን?»

«ሐሙስ ዕለት ሳልለካ የጋሼ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ይሄም ይጻፍ።»

«እታለም፣ ተዪው...» አለ ማሙሽ።

«ፈቀቅ በል፣ ብርሃኑን ጋረድከኝ» አለችውና እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀብላ ከእሱ ፊርማ በታች ጻፈች።